ፍሬ ሞጣ ቀረች

ቢቸና
ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፳፻፬ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ አባት፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ያ ወገብህ እንዴት ነው? ከመኪና ወርደህ ቀና ብለህ ትሄዳለህ ወይስ አሁንም ያስነክስሃል? እኛ ደህና ነን። ይህችን «እኛ» የምትል ቃል ዝም ብለህ እንዳታልፋት። ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምርባት ስለሆነች አይደለም የጻፍኳት። እኔና ፍሬ ማለቴ ነው። ፍሬ በሕይወት አለች። ልጅህ አልሞተችም።

ይህን ስታነብ ምን እንደምትል አውቃለሁ። «ምስኪን፣ ይኸው ዛሬም እንዳለች ታወራለች» ትላለህ። እንዲያ እንድትል ያስተማረህ ሰው አለ፤ እደርስበታለሁ። እባክህን በመድኃኔ ዓለም፣ ወረቀቱን አጥፈህ ኪስህ ሳትከተው እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ከጥምቀት በኋላ ከጓደኞችህ ጋር ከጁባ ተነሥተህ በሱዳን አድርገህ በረሃውን ልታቋርጥ፣ ከዚያም ባሕሩን ልትሞክር እንደቆረጥክ የጻፍከውን አይቻለሁ። ያየሁት ግን ባለፈው ሳምንት ነው። ስልክህን ብደውል ብደውል አይጠራም። ሸጠኸው ይሆናል። ይህ ወረቀት ከጥምቀት በፊት እጅህ ካልገባ ምን እንደምሆን አላውቅም፤ አንተም ምን እንደምትሆን አላውቅም፤ ከዚያ በረሃ የተመለሰ የሀገራችን ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

ከሥሩ ልንገርህ።

የምጽፍልህ ከሞጣ፣ ከባምላኩ ኢንተርኔት ቤት እንደነበረ ታውቃለህ። ማሽኖቹን ግን አታውቃቸውም። እሱ ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች በጨረታ ገዝቶ ነው ቤቱን የከፈተው፤ የስክሪናቸው ጀርባ ወሯ እንደገባ ነፍሰ ጡር የተገፋ ነው። ደህና ደህናዎቹን ፌስቡክ የሚሉ ልጆች ቀድመው ይይዟቸዋል። ለኔ ሁልጊዜ የምትደርሰኝ በሩ አጠገብ ያለችው ናት። አንድ ገጽ እስክትከፍትልኝ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግሜ እጨርሳለሁ፤ አንዳንድ ቀን የነገውንም እጀምራለሁ። ባምላኩን አዲስ ብራውዘር ጫንባት ብዬው ጭኖ አሳየኝ፤ ጭራሽ መነሣት አቃታት። አሮጌ በሬ ላይ አዲስ ቀንበር ነው፣ አትችለውም ብሎ የድሮውን መለሰላት። የድሮው ደግሞ የኛን ፊደል አያውቅም። በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። ለዚህ ነው አንተም ከዚያ፣ እኔም ከዚህ አማርኛችንን በፈረንጅ ፊደል ስንጽፍ የከረምነው። በፈረንጅ ፊደል ጠ የለ፣ ቀ የለ፣ ጨ የለ። አባቴ፣ አንተ «የኔታ» የምትላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና ቢያዩን ኖሮ በጅራፍ ይገርፉን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ስሜንና የይለፍ ቃሌን ከጻፍኩ በኋላ ከሥር አንዲት ትንሽ ሳጥን አየሁ። ጎኗ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ምን ይላል ስለው ባምላኩ ቀና ሳይል «ሪሜምበር ሚ» ነው፣ አስታውሰኝ ማለት ነው አለኝ። የመሰለኝን ልንገርህና ሳቅብኝ፤ ከሳቅህ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ላንተ የሚደርስ መሰለኝ። ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ ጁባ ድረስ ሄዶ «አስታውሰኝ ብላሃለች» የሚልህ መሰለኝ። አባቷ «ተዘከረኒ እግዚኦ» እያሉ ሲጸልዩ እየሰማች ያደገች ሴት፣ አስታውሰኝ የሚል ሳጥን አግኝታ ባዶውን ትተወዋለች? በሄድኩ ቁጥር ምልክት አደርግበታለሁ፤ ሳደርግም በልቤ ተዘከረኒ እላለሁ። ለካ አስታውሰኝ የተባለው ኮምፒውተሩ ኖሯል። እሱም አላሳፈረኝም፣ አስታወሰኝ። እኔ ሒሳቤን ከፍዬ ወጥቼ አውቶቡስ ስሳፈር የኔ የደብዳቤ ቤት እዚያ በሩ ወለል ብሎ ይቀራል፤ ከኔ በኋላ የተቀመጠ ሁሉ ሰተት ብሎ ይገባል።

በመስከረም ፍሬን ትኩሳት ይዟታል፣ ሞጣ ወስጄ ላሳያት ነው ብዬህ ነበር። እሱ ደርሶሃል። ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት፤ እህቴ ፋንታነሽ ቤት ተኝታ ዳነች። ስትድን ፋንታነሽ ልጅቷን አለቅም አለች። ትምህርት ቤቱ ከደጃፏ ነው፣ እሷ ደግሞ እንደምታውቀው ልጅ አላደላትም፤ እዚሁ አንደኛ ክፍል ትግባ፣ አንቺም በየጊዜው ትመጫለሽ ብላ ለመነችኝ። ለልጄ የሚሻላት እሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አለቀስኩ። ከዚያ ባምላኩ ዘንድ ሄጄ ጻፍኩልህ። የጻፍኩት ይኸውልህ፣ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፦

«Fire mota kerech. Alkishe alkishe dekemegn. Min yidereg, yegziabher fekad new. Ene bichayen Bichena temelesku.»

በፊደላችን ላንብብልህ። ፍሬ ሞጣ ቀረች። አልቅሼ አልቅሼ ደከመኝ። ምን ይደረግ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። እኔ ብቻዬን ቢቸና ተመለስኩ።

ከዚህ በታች ብዙ ነበረው። ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለተሰፋላት ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ስሸኛት ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ ከልጆች ጋር ስለመሮጧ። ስልኬን አውቶቡስ ላይ ሌባ እንደወሰደብኝም ነግሬህ አዲሱን ቁጥሬን ጽፌልህ ነበር። ማሽኗ መሐል ላይ ሃንግ አደረገች። የምጽፈው ፊደል አልታይ አለኝ፤ ባምላኩ ላክ የሚለውን ተጫኚው አለኝ፣ ተጫንኩ፣ ሄዷል አለኝ። የሄደው ያቺ አራት መስመር ብቻ ናት። ቁጥሬም፣ ዩኒፎርሙም፣ የልጅህ ሩጫም እዚያው ደርቀው ቀሩ።

አንተም «ሞታ ቀረች» ብለህ አነበብከው።

ሞጣን የማያውቅ ሰው ቢሆን ባልፈረድኩበት። አንተ ግን ሞጣ ገበያ ስንት ጊዜ የጫንክ ያወረድክ ሰው ነህ። እኔ እንደሚመስለኝ ያጠፋህ ቅኔው ነው። አባቴ እግር ሥር ስንት ዓመት ስትቆጥር ኖረህ የመኪና መሪ ብትጨብጥም ጆሮህ አልተወውም፤ ቃል በሰማህ ቁጥር ሰሙን ረግጠህ ወርቁን ፍለጋ ትሮጣለህ። «ውኃ ቅጂልኝ» ብልህም ሌላ ምን ማለቷ ነው የምትል ሰው ነህ። ሰሙን ብታነብ ምን ነበረበት? አንዳንድ ጊዜ እኮ ሞጣ ማለት ሞጣ ነው። ይህን የምጽፈው ላሾፍብህ አይደለም፤ እየጻፍኩ እያለቀስኩ ነው።

ከዚያ «ፍሬ ምን ሆነች? በእግዚአብሔር መልሽልኝ» ብለህ ጻፍክ። ደውለህም ይሆናል፤ የደወልክበት ስልክ የሌባ ነው። ያን ጽሑፍህን አስቀድሞ ያየው ገብረ ኪዳን የሚባል ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ የሒሳብ መምህር ነው። የራሱን ደብዳቤ ሊያይ በሩ አጠገብ ካለችው ማሽን ቢቀመጥ የኔ ቤት ተከፍቶ ጠበቀው። ያንተን ጩኸት አነበበ፤ ጩኸትህን አንብቦ ወደኔ አራት መስመር ሲወርድ እሱም «ሞታ» ብሎ አነበበው። ሞጣ ተቀምጦ። ልቡ የተሰበረ ሰው በባዶ ሜዳ ሲጮህ ዝም ብዬ ማለፍ ከበደኝ ነው የሚለው። «የሚያዝንልዎት አንድ ወንድምዎ ነኝ፤ ባለቤትዎ መጻፍ ስላልቻሉ ነው፤ ነገሩ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብሎ በዚያው በኔ ቤት መለሰልህ። ያንን ሰው ጎረቤቴ አድርገህ ያዝከው። እኔ እኮ በዚያ ሰዓት ቢቸና ገብስ ሳስወቃ ነው።

እኔ የማላውቀው እንዴት ሆኖ ነው ትለኝ ይሆናል። ባምላኩ ያስተማረኝ አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ በወፍራም ቀለም ይታያል፣ የተነበበው ይቀጥናል ብሎ ነው። ሞጣ በሄድኩ ቁጥር ወፍራም ስፈልግ ወፍራም የለም። መምህሩ ቀድሞ እየከፈተ ሁሉንም አቅጥኖታል። ቀጭኑን አንድ በአንድ እንዳልከፍት ያቺ ማሽን አንዱን እስክትከፍት የከፈልኩበትን ሰዓት ትጨርሰዋለች። አንተ ዝም ያልክ መሰለኝ። ተቀየምኩህ፤ ቢሆንም መጻፌን አልተውኩም። «ፍሬ ሀሁን ጨረሰች፣ ፍሬ ሰላም ብላሃለች፣ ፍሬ ጫማዋ ጠቧታል» ብዬ ጻፍኩልህ። አንተ ደግሞ ያንን እያየህ ሚስቴ ምን ሆና ነው ብለህ ሰውየውን ጠየቅኸው። እሱም አስቦ አስቦ፣ ሐዘን የጸናባት እናት አንዳንዴ የሞተ ልጇን እንዳለ ትቆጥረዋለች፣ አይቃወሟት፣ በትዕግሥት ይያዟት አለህ። ይኸውልህ፣ እውነቱን በነገርኩህ መጠን እብደቴ እየጸናልህ ሄደ። አሁንም ይህን ወረቀት ስጽፍ የምፈራው እሱኑ ነው። ከእብድ የተለየ ምን ልበልህ?

ባለፈው ሳምንት ሞጣ ሄድኩ። ባምላኩ ማሽኗን አንድ ነገር አድርጓታል፤ ሥዕሉን ሁሉ ከልክሎ ጽሑፉን ብቻ እንድታመጣ ቢያዛት ሸክም እንደወረደላት አህያ ትሮጥ ጀመር። ጊዜ ተረፈኝ። እስቲ የድሮ ደብዳቤዎቹን ልድገማቸው፣ ናፍቆቱን ያስታግሱልኛል ብዬ ቀጫጭኖቹን መክፈት ጀመርኩ። ከላይ ወደ ታች አነበብኩ። በአርባ ቀኗ ያገርህን ሰዎች ሰብስበህ ተዝካሯን ማውጣትህን አነበብኩ። ልጅቷ በዚያ ቀን ፋንታነሽ ደጅ ገመድ ስትዘል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አላስታውስም፤ ባምላኩ ነው ውኃ ረጭቶ ያስነሣኝ።

መምህሩን አስጠርተን መጣ። ዱላ ይዤ ልቆየው አስቤ ነበር። ነገሩን ስነግረው መጀመሪያ አልገባውም፤ ገጹን ደጋግሞ አየው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሞጣ፣ ሞታ፣ ሞጣ አለ። ከዚያ እዚያው ወንበሩ ላይ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። «እህቴ፣ ያጽናናሁ መስሎኝ ነው» አለኝ። እንዲህ የሚያለቅስ ሰው ይመታል እንዴ? ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ የምረግመው አገኝ ነበር። ፊታችን ተቀምጦ ተሳስቻለሁ፣ ልጅዎ አለች ብሎ ጻፈልህ። እኔም ጻፍኩ። ባምላኩም በራሱ ስም ጻፈ። እስከ ዛሬ መልስ የለም። ባምላኩ ያቺን ምልክት አጥፍቶ የይለፍ ቃሌን አስለወጠኝና «በቃ፣ አሁን ረስቶሻል» አለኝ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጽሑፍህ ልምጣ። ለኔ ብቻ የጻፍከው መስሎህ ነበር። መምህሩ ቀድሞ አንብቦታል፤ ባምላኩ ገጹን ሲከፍትልኝ ዓይኑ አርፎበታል፤ እኔ ሦስተኛ ነኝ። ሁለቱም ዓይኔን ማየት ሲያቅታቸው ነው ነገር እንዳለ የጠረጠርኩት። «የሰወርኩትን አይቶ የገለጥኩትን ወሰደብኝ» ብለሃል። ከሥሩም ያለውን አንብቤዋለሁ። ይህ ፖስታ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ ስለማላውቅ እኔ ወርቁን አላወጣውም፤ ለዚህ ለዚህማ ቅኔህ ይጥቀምህ።

ተቆጥቻለሁ። አልሸሽግህም። ስትመጣ ቁጣዬን እቤት ታገኘዋለህ፤ አንድ ክረምት ይበቃው ይሆናል፣ ላይበቃውም ይችላል። ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። በሦስተኛው ቀን ግን ገባኝ፤ አንተ በረሃ የምትገባው ለእንጀራ አይደለም። ቅጣት ነው ብለህ ነው። እግዚአብሔር በሠራሁት ልጄን ነጠቀኝ፣ እንግዲህ እኔም ልጥፋ ብለህ ነው። እኔ ደግሞ እልሃለሁ፣ እግዚአብሔር ልጅ በልጅ የሚለውጥ ነጋዴ አይደለም። አልነጠቀህም። ፍሬ ዛሬ ጠዋት ገንፎው ቀዘቀዘብኝ ብላ አኩርፋ ነው ትምህርት ቤት የሄደችው ብላኛለች ፋንታነሽ በስልክ። ያልተፈጸመ ቅጣት ልትቀበል ነው ያን ሁሉ አሸዋ የምታቋርጠው? የሠራኸውን ከሆነ የምትከፍልበት ቦታ ሌላ ነው፤ ሰው ልጁን እያሳደገ ነው የሚከፍለው።

እንድታምነኝ ያለኝን ሁሉ ፖስታው ውስጥ ከትቻለሁ። ፎቶግራፍ አለ። ማክሰኞ ዕለት ዳግመኛ ሄጄ ሞጣ ፎቶ ቤት ያስነሣኋት ነው፤ የፊት ሁለት ጥርሷ የለም። አንተ ተዝካሯን ስታወጣ ጥርሶቿ አፏ ውስጥ ነበሩ። የሞተ ልጅ ጥርስ አይነቅልም። አንደኛው ጥርስ በክር ተጠቅልሎ ከፎቶው ጋር አለ። ጣራ ላይ ልትወረውረው ስትል ነው የቀማኋት፤ ካልወረወርኩት አዲሱ አይበቅልልኝም ብላ አገር ይያዝልኝ አለች። ለአባትሽ ልልከው ነው ስላት፣ እንግዲያው እሱ እዚያ ጣራ ላይ ይወርውርልኝ ብላሃለች። ከፎቶው ጀርባ ስሟን በእርሳስ የጻፈችው ራሷ ናት። ከሥሩ ያለው የኔና የፋንታነሽ ስልክ ነው። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ከማንም ሰው ስልክ ለምነህ ደውል። ፍሬ ታነሣዋለች። ከድምፅዋ በላይ ማስረጃ የለኝም።

ይህን ወረቀት ኃይለ ሚካኤል፣ ያ የአውቶቡሱ ሹፌር፣ አዲስ አበባ ያደርስልኛል፤ ከዚያ ጁባ መለዋወጫ ለሚያመላልስ ሰው ይሰጠዋል። ሰውየውን አላውቀውም። ቀኑን ስቆጥር ይደርሳል እላለሁ፣ ደግሜ ስቆጥር አይደርስም እላለሁ። ብቻ በእጄ፣ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ጣውን ከታው ለይቼ፣ ቀለሙን አጥብቄ። እየደጋገምኩ ያጠቆርኳቸውን ፊደላት ስታይ እጇ አበደ እንዳትል፤ እንዳትሳሳት ብዬ ነው።

ና። እንዴት እንደምትመጣ፣ ከማን ጋር እንደምትመጣ ከዚህ ሆኜ አልወስንልህም። ባዶ እጅህን ና፣ አንካሳም ሆነህ ና። ሰው ምን ይላል ብለህ እንደሆነ፣ ሰው ያለውን ብሎ ጨርሷል፤ ፍሬ ሞጣ እንዳለች ሳይሰማ የቀረው አንተ ብቻ ነህ።

የአባቴ ጸሎት፣ የናትህ የጡቷ በረከት ይጠብቅህ። መንገድህን ወደ ቤትህ ያቅናልህ፤ በረሃውን ዓይንህ አይየው። አብረውህ ያሉትንም ያገሬን ልጆች እመቤቴ ከክፉ ትሰውርልኝ፤ ለነሱም እናት አለቻቸውና ይህን አንብብላቸው።

አንድ ነገር ረስቼ። ፖስታው ውስጥ ከፎቶው ሥር የተገመደ ማዕተብ ታገኛለህ። በጣም አጭር ነው፣ ላንተ አንገት አይሆንም፣ ለፍሬም አይሆንም። አርባ ቀን የሚቆጠረው ለሞተ ብቻ እንዳልሆነ አንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃለህ፤ ወንድ ልጅ በስንት ቀኑ ክርስትና እንደሚነሣ የሚነግርህ ሰው አያስፈልግህም። ቢያልፈውም ይነሣል። ስገምደው ፍሬ አይታኝ፣ ለማን ነው እማዬ አለችኝ። አባትሽ ሲመጣ ስሙን ይነግርሻል አልኳት።

የልጆችህ እናት